ሄይሊ ዊከንሃይዘር፤ ሃያ ሦስት ዓመት በበረዶ ላይ

(በማኅበራችን የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)




የዛሬው ማታ ንግግር ስለ አንዲት የበረዶ ሆኪ ተጫዋች መሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ብዙ ቀልድ ሰምተናል። አንድ ወዳጃችን «እኛ በረዶን የምናውቀው ከሰማይ ወርዶ ማሳ ሲያጠፋ ነው፤ እናንተ በላዩ ላይ ስለምትሮጥ ሴት ምን ልትነግሩን ነው?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድመን መስጠት ይገባናል።

እዚህ የቆምነው የጨዋታውን ሕግ ለማስተማር አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ደጋግመው የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ በር የተዘጋበት ሰው በሩ እስኪከፈትለት ተቀምጦ ይጠብቅ ወይስ ባገኘው ቀዳዳ ይግባ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ስፖርትና ትምህርት ባላንጣዎች ናቸው ወይስ ወዳጆች የሚለው ነው። በሁለቱም ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ ነገር ግን ክርክራችን አብዛኛውን ጊዜ በሐሳብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። አሁን ሁለቱንም ጥያቄዎች በሕይወትዋ የተሸከመች፣ ሥራዋም በቁጥር ሊታይ የሚችል አንዲት ሰው አግኝተናል። ስምዋ ሄይሊ ዊከንሃይዘር ይባላል፤ አገርዋም ካናዳ ነው።

ይህን ንግግር ያዘጋጀነው አራት ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን ሴቶች፣ ሁለታችን ወንዶች። ከሴቶቹ አንዷ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች ከወንዶቹ ጋር እግር ኳስ ለመጫወት ጠይቃ «ለአንቺ መረብ ኳስ አለልሽ» ተብላ ተመልሳለች። መረብ ኳሱም መረብ አልነበረውም። ይህን የምንናገረው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ታውቁልን ዘንድ ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። የገና ጨዋታን ያየ ሰው የሆኪን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ጫፉ የታጠፈ በትር አለ፤ በሩር ፈንታ ደግሞ ፓክ የሚሉት፣ 170 ግራም ያህል የሚመዝን ጠፍጣፋና ክብ ጎማ አለ። ሜዳው ስድሳ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የረጋ በረዶ ነው፤ ተጫዋቾቹም ከሥሩ ስለት ባለው ጫማ ይንሸራተታሉ። በያንዳንዱ ወገን በረኛውን ጨምሮ ስድስት ሰው ይሰለፋል። ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ያጠፋ ተጫዋች ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ቡድኑም እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው ጐድሎበት ይጫወታል። ይህን የቅጣት ሕግ አስታውሱልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ዊከንሃይዘር የተወለደችው በነሐሴ ወር 1978 በካናዳ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር፣ ሾናቨን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አገሩ ሜዳማ የእህል አገር ነው፤ ክረምቱም ረጅምና እጅግ ብርቱ ነው። እናትና አባትዋ አስተማሪዎች ነበሩ። አባትዋ ከቤታቸው ጓሮ ውሃ እያፈሰሰ በማርጋት መንሸራተቻ ሜዳ ሠራላት። በዚያ አገር እንዲህ ያለው የጓሮ ሜዳ የተለመደ ነው፤ ያልተለመደው በሜዳው ላይ የምትውለው ልጅ ሴት መሆንዋ ነበር።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጆች የተቋቋመ ቡድን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ከወንዶች ልጆች ጋር ተጫወተች። አንድ ወይም ሁለት ዓመት አይደለም፤ እስከ ዐሥራዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ድረስ የምትሰለፈው ከወንዶች ጋር ነበር። በኋላ ቤተ ሰብዋ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ካልጋሪ ከተማ ተዛወረ። በ1991 በካናዳ የክረምት ጨዋታ ላይ ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት በታች ለሆኑ ልጃገረዶች በተዘጋጀው ውድድር ለአልበርታ ተሰለፈች። እርስዋ በዚያን ጊዜ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። በመጨረሻው ግጥሚያ ድሉን ያስገኘችውን ጎል ያስቈጠረችውም እርስዋ ናት።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። የዓለም የሴቶች የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በ1990 በኦታዋ ነው። ይህም ማለት ዊከንሃይዘር በትር ስትጨብጥ፣ ሴት ልጅ በዚህ ጨዋታ ልትደርስበት የምትችል የዓለም መድረክ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። በዚያ በመጀመሪያው ሻምፒዮና ካናዳ አሜሪካንን 5 ለ 2 አሸንፋለች። የቡድኑ ኮከብ ከቶሮንቶ የመጣች አንጄላ ጄምስ የምትባል ጥቁር ተጫዋች ነበረች፤ በአምስት ግጥሚያ 11 ጎል አስቈጥራለች። ነገር ግን ጨዋታው በ1998 ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ አንጄላ ጄምስ ከቡድኑ ተቀነሰች። ለዚያ ሁሉ ልፋት ለራስዋ የኦሊምፒክ በረዶ አልደረሳትም። የከፈተችው በር ለሌሎች ሆነ። የዊከንሃይዘርን ታሪክ ስንናገር ይህቺን ሴት መርሳት ግፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም ተሰጥኦና ትጋት ብቻቸውን አይበቁም፤ የተወለዱበት ዓመትም ይፈርዳል።

ዊከንሃይዘር ወደ ካናዳ ብሔራዊ ቡድን የገባችው በ15 ዓመትዋ ነው። በ1994 በአሜሪካ ሌክ ፕላሲድ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ካናዳ ወርቁን ስትወስድ፣ አብዛኞቻችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ በረገጥንበት ዕድሜ እርስዋ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች።

ከዚያ በኋላ የ1998 ናጋኖ መጣ። የሴቶች የበረዶ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲታይ የተሰለፉት አገሮች ስድስት ብቻ ነበሩ። ካናዳ በዓለም ሻምፒዮናዎች ሁሉ ሳትሸነፍ ስለ ቈየች ወርቁ የእርስዋ እንደሚሆን ብዙ ሰው ገምቶ ነበር። ሆኖም በመጨረሻው ግጥሚያ አሜሪካ 3 ለ 1 አሸነፈች። የብር ሜዳሊያ እንግዳ ነገር ነው፤ ነሐስ ያገኘ አሸንፎ ያገኘዋል፤ ብር ያገኘ ግን ተሸንፎ ይወስደዋል። ከዚያ ሽንፈት እስከ ሚቀጥለው ኦሊምፒክ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረባት።

አራቱን ዓመት ምን አደረገችባቸው? በ1998 እና በ1999 ፊላደልፊያ ፍላየርስ የሚባለው ታላቅ የወንዶች ክለብ ለአዳዲስ ተጫዋቾች ባዘጋጀው የልምምድ ሰፈር ተጋብዛ ተካፈለች። በ2000 ደግሞ በሲድኒ የበጋ ኦሊምፒክ ለካናዳ ሶፍትቦል ተጫወተች። ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ የሆነ፣ በሣር ሜዳ በፀሐይ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ካናዳ በዚያ ሜዳሊያ አላገኘችም። ነገር ግን በክረምትም በበጋም ኦሊምፒክ አገርን ወክሎ መሰለፍ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የደረሰ ዕድል ነው።

አሁን የቅጣቱን ሕግ አስታውሱ። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ካናዳና አሜሪካ እንደ ገና ለወርቅ ተገናኙ። ከውድድሩ በፊት በነበሩት ወራት ሁለቱ ቡድኖች ስምንት ጊዜ ተጋጥመው ስምንቱንም አሜሪካ አሸንፋ ነበር። በመጨረሻው ግጥሚያ ደግሞ ዳኛዋ በካናዳውያን ላይ ስምንት ቅጣት በተከታታይ ፈረደች። አንድ ሰው እየጐደለባቸው፣ የባላጋራቸው አገር ሕዝብ እየጮኸባቸው ተጫወቱ፤ 3 ለ 2ም አሸነፉ። ከሦስቱ ጎሎች አንዱ የዊከንሃይዘር ነበር፤ በውድድሩ ሁሉ 7 ጎል አስቈጥራ የጨዋታው ምርጥ ተጫዋች ተባለች።

እውነቱን እንናገር ካልን ግን አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። ከድሉ በኋላ በቴሌቪዥን ፊት ቀርባ፣ አሜሪካውያኑ የካናዳን ሰንደቅ ዓላማ በልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ወለል ላይ አንጥፈው ረግጠውታል የሚል ወሬ እንደ ሰማች በቍጣ ተናገረች። አሜሪካውያኑ ነገሩን ፈጽመው አስተባበሉ። በሞቀ ደም የሰሙትን ወሬ በዓለም ፊት መናገር ለማንም አይበጅም። ይህን ያነሣነው እርስዋን ለማሳነስ አይደለም። ታላላቅ ሰዎችን እንደ ታቦት ተሸክመን የምንዞር ከሆነ ከእነርሱ የምንማረው ነገር አይኖርም ብለን ስለምናምን ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤

አሁን እኛን አራታችንን ወደ ከፋፈለን ነገር ደርሰናል። የኦሊምፒክ ወርቅ በእጅዋ ከገባ በኋላ ዊከንሃይዘር ከወንዶች ጋር በክፍያ ልትጫወት ተነሣች። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። በሴቶች ጨዋታ እርስዋን የሚፈትን ግጥሚያ በዓመት የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነበር፤ ለሴቶች ደመወዝ የሚከፍል ሊግም አልነበረም። መጀመሪያ ያሰበችው በኢጣሊያ ለመጫወት ነበር፤ የዚያ አገር ፌዴሬሽን ግን ሴት በወንዶች ሊግ ልትሰለፍ አይፈቀድላትም ሲል ወሰነ። ፊንላንድ ፈቀደች። በ2003 መጀመሪያ ኪርኮኑሚ ሳላማት በሚባል በዝቅተኛ ክፍል በሚገኝ የወንዶች ክለብ ተሰለፈች፤ በየካቲት 1 ቀንም ጎል አስቈጠረች። በወንዶች የሙያ ሊግ ጎል ያስቈጠረች የመጀመሪያዋ ሴት እርስዋ ሆነች። ከርስዋ በፊት ማኖን ሬዮም የምትባል ካናዳዊት በ1992 በረኛ ሆና ለታምፓ ቤይ ላይትኒንግ በወዳጅነት ግጥሚያ ቆማለች፤ ከወንዶች መካከል ገብታ ወደ ፊት እየገሠገሠች ጎል ያስቈጠረች ግን አልነበረችም።

በፊንላንድ በ23 ግጥሚያ ያስመዘገበችው 2 ጎልና 10 ለጎል የበቃ ማቀበል ነው። በሚቀጥለው የጨዋታ ዘመን ጥቂት ከተጫወተች በኋላ ወደ አገርዋ ተመለሰች። በ2008 ደግሞ በስዊድን ኤስኪልስቱና ውስጥ በሦስተኛው ክፍል ለሚጫወት የወንዶች ቡድን ተሰልፋለች።

ታዲያ ይህ ድል ነው ወይስ ሽንፈት? ከመካከላችን ሁለታችን እንዲህ እንላለን፤ «በዓለም አንደኛ የሆነች ሴት በፊንላንድ ዝቅተኛ ክፍል ሁለት ጎል ብቻ ካስቈጠረች ጉዞው ምን አተረፈ? በሴቶቹ ጨዋታ ውስጥ ቈይታ የሴቶቹን ሊግ ማሳደግ አይሻልም ነበርን? ደግሞስ ሴት ልጅ የምትመዘነው ሁልጊዜ በወንድ ሚዛን መሆን አለበትን?» ሌሎቹ ሁለታችን ደግሞ እንዲህ እንመልሳለን፤ «ሚዛኑን የመረጠችው እርስዋ ናት። ከርስዋ ይልቅ ከባድና ፈጣን ከሆኑ ሰዎች መካከል ገብታ በየሁለት ግጥሚያው አንድ ነጥብ ማስገኘት ሽንፈት አይባልም። ይልቁንም ተማሪ ከእርሱ የሚበልጥ መምህር እንደሚፈልግ ሁሉ እርስዋም ከእርስዋ የሚበልጥ ባላጋራ ፈለገች።» የሚያስገርመው ግን በሁለቱም ወገን አንድ ወንድና አንዲት ሴት መገኘታችን ነው። ፍርዱን ለእናንተ እንተወዋለን። በአንድ ነገር ላይ ግን አራታችንም ተስማምተናል። የፊንላንዱና የኢጣሊያው ፌዴሬሽን ውሳኔ እኩል አይደለም። የፊንላንዱ «ሞክሪና እናያለን» አለ፤ የኢጣሊያው ሳያይ ፈረደ። ሞክሮ መውደቅ የሰው መብት ነው፤ እንዳይሞክር መከልከል ግን መብት መንፈግ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ2006 በቱሪን ካናዳ ኢጣሊያን 16 ለ 0፣ ሩሲያን 12 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ብዙ ጋዜጠኞች ይህ ውድድር ሳይሆን ውርደት ነው ሲሉ ወቀሱ። ሆኖም በዚያው ውድድር ስዊድን አሜሪካን በግማሽ ፍጻሜ አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። በመጨረሻው ካናዳ ስዊድንን 4 ለ 1 አሸነፈች። ዊከንሃይዘር 5 ጎልና 12 ማቀበል አስመዝግባ ለሁለተኛ ጊዜ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለች።

በ2010 ኦሊምፒኩ ወደ ገዛ አገርዋ ወደ ቫንኩቨር መጣ። በመክፈቻው በዓል በአትሌቶች ሁሉ ስም ቃለ መሐላውን የፈጸመችው እርስዋ ነበረች። በዚያው ሌሊት በዚያው አደባባይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የገባ አንድ ሰው እንደ ነበረ ለማስታወስ እንወዳለን፤ እርሱም በ2006 በቱሪንና በ2010 በቫንኩቨር በበረዶ ሸርተቴ ሩጫ የተወዳደረው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በቫንኩቨር ለኢትዮጵያ የተሰለፈ ሌላ ሰው አልነበረም። እንግዲህ «በረዶ ምናችን ነው?» ላለን ወዳጃችን ይህ ሁለተኛው መልሳችን ይሁንለት።

በዚያ ውድድር የካናዳ ሴቶች ስሎቫክያን 18 ለ 0 አሸነፉ፤ የቱሪኑም ወቀሳ በረታ። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግ ጨዋታው በሌሎች አገሮች ካልተሻሻለ በኦሊምፒክ ውስጥ ሊቈይ እንደማይችል በግልጽ አስጠነቀቁ። ይህ ቀላል ማስፈራሪያ አልነበረም፤ የተጫወተችው ሶፍትቦል ከኦሊምፒክ ሲወጣ አይታለችና። ነገሩን ስንመረምረው ወቀሳው ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ አገኘነው። 18 ለ 0 የሚያሳየው የካናዳን ኃይል ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ አገሮች ለሴት ልጆቻቸው በረዶውን፣ አሠልጣኙንና ገንዘቡን እንደ ነፈጉአቸውም ጭምር ያሳያል። በሌላ አነጋገር የተራበውን ሰው ስለ መክሳቱ መውቀስ ነው። ዊከንሃይዘር ግን በመከራከር ብቻ አልቆመችም። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ልጃገረዶች ተሰብስበው የሚጫወቱበትና የሚሠለጥኑበት ውድድር በስምዋ አቋቋመች።

በቫንኩቨር የመጨረሻው ግጥሚያ ካናዳ በዊከንሃይዘር አምበልነት አሜሪካን 2 ለ 0 አሸነፈች። ሁለቱንም ጎሎች ያስቈጠረችው ማሪ ፊሊፕ ፑላን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በ1994 የ15 ዓመት ልጅ ሆና የገባችው፣ አሁን የሌላዋን ልጅ ድል በአምበልነት ተመለከተች።

የመጨረሻው ኦሊምፒክዋ የ2014 ሶቺ ነበር። የካናዳን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ ገባች። በፍጻሜው ጨዋታ ካናዳ በአሜሪካ 2 ለ 0 ስትመራ ቈይታ፣ የቀረው ጊዜ ከአራት ደቂቃ ሲያንስ አንድ ጎል አስቈጠረች። ቀጥሎ ካናዳውያን አንድ አጥቂ ለመጨመር በረኛቸውን አስወጡ። አሜሪካውያን ከሩቅ የላኩት ፓክ በባዶው ጎል ምሰሶ ላይ ነጥሮ ተመለሰ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር ፑላን አቻ አደረገች። በተጨማሪው ጊዜ ዊከንሃይዘር ለብቻዋ ወደ ጎል እየገሠገሠች ሳለ ከኋላ ደርሰው ጣልዋት፤ አሜሪካዊቷም ተቀጣች። ካናዳ በዚያች የሰው ብልጫ ፑላን ባስቈጠረችው ጎል 3 ለ 2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን የኦሊምፒክ ወርቅዋን ያስገኘላት ያስቈጠረችው ጎል ሳይሆን መውደቅዋ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ሒሳቡን እንዝጋ። በአምስት የክረምት ኦሊምፒክ 4 ወርቅና 1 ብር፤ በዓለም ሻምፒዮና 7 ወርቅና 6 ብር። በኦሊምፒክ 26 ግጥሚያ 18 ጎልና 33 ማቀበል። ለካናዳ በጠቅላላው 276 ግጥሚያ፣ 168 ጎልና 211 ማቀበል። በ2017 ጥር ወር በ38 ዓመትዋ ከጨዋታ ተሰናበተች። በ2019 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ገባች። በዚህ አዳራሽ በ2010 የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆነው ከገቡት ከሁለቱ አንዷ አንጄላ ጄምስ ናት። ኦሊምፒክ ያልደረሰላት ሴት ክብሩ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰላት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እናልፋለን፤ ይኸውም የስፖርትና የትምህርት ጉዳይ ነው።

ዊከንሃይዘር ከልጅነትዋ ጀምሮ ሐኪም ለመሆን ትመኝ እንደ ነበር ተናግራለች። ነገር ግን ከቫንኩቨር ወርቅ በኋላ፣ በ32 ዓመትዋ፣ ልጅ እያሳደገች፣ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ከዐሥራ ስምንትና ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጣ ስትማርና ለዩኒቨርሲቲው ቡድን ስትጫወት እናገኛታለን። ቡድኑም በ2012 የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ በሚያጠናው የትምህርት ክፍል የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ከያዘች በኋላ፣ ጨዋታውን በተሰናበተችበት በ2017 የሕክምና ትምህርት ጀመረች። በ2021 በ42 ዓመትዋ በሕክምና ተመረቀች። እየተማረችም ከ2018 ጀምሮ የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የወንዶች ክለብ ወጣት ተጫዋቾችን በማሳደግ ሥራ ቀጥሮአት ነበር። በ2003 ወንዶቹን ለመግጠም ፊንላንድ ድረስ የሄደችው ሴት፣ አሁን የወንዶቹ አስተማሪ ሆነች።

በዚህ ላይ «እንግዲያውስ እኛም እስከ ሠላሳ ሁለት ዓመታችን ኳስ እንጫወት፤ ትምህርቱ ኋላ ይደርሳል» የሚል ሰነፍ ከመካከላችን እንዳይነሣ እንለምናለን። እርስዋ ትምህርቱን ያዘገየችው ሥራ ፈትታ አይደለም። በበረዶ ላይ የተማረችውን ሥነ ሥርዓት፣ ይኸውም በማለዳ መነሣትን፣ ስሕተትን ተቀብሎ ማረምን፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራትን ይዛ ወደ ክፍል ገባች። ባላንጣዎቹ ስፖርትና ትምህርት አይደሉም፤ የሁለቱም ባላንጣ ስንፍና ነው።

ለዚህም ምስክር የሚሆነን የ2020 መጋቢት ወር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በያዘበት ሰሞን የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ የቶኪዮ ጨዋታ በጊዜው እንደሚካሄድ ይናገር ነበር። ዊከንሃይዘር የዚያው ኮሚቴ የአትሌቶች ኮሚሽን አባል ነበረች። በሕክምና ተማሪነትዋም የወረርሽኙን ጅምር በሐኪም ቤት ከቅርብ አይታለች። ስለዚህ በሰዎች ሕይወት ላይ እንዲህ ያለ አደጋ ቆሞ ሳለ ጨዋታው ይካሄዳል ብሎ መድረቅ ኀላፊነት የጐደለው ነው ስትል በይፋ ጻፈች። ከሳምንት በኋላ ጨዋታው ወደ 2021 ተላለፈ። በርስዋ ቃል ብቻ ተላለፈ አንልም፤ ሌሎችም ብዙዎች ተናግረዋል። ነገር ግን ያከበራትንና የሾማትን ጉባኤ ፊት ለፊት ለመቃወም ድፍረት ብቻ ሳይሆን እውቀትም ያስፈልጋታል። ድፍረቱን ከበረዶው፣ እውቀቱን ከዩኒቨርሲቲው አገኘችው። ሁለቱ የተገናኙት በዚያች ቀን ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱም ደመወዝ ነው። በካናዳ በ2007 የተቋቋመው የሴቶች ሊግ ለብዙ ዓመታት ለተጫዋቾቹ ደመወዝ ሳይከፍል ቈይቶ በ2019 ፈረሰ። ዊከንሃይዘርም በመጨረሻ ዘመንዋ በዚያ ሊግ ለካልጋሪ ተጫውታ በ2016 ዋንጫ በልታለች። በጥር 1 ቀን 2024 ግን በሰሜን አሜሪካ በስድስት ቡድኖች አዲስ የሴቶች የሙያ ሊግ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለተጫዋቾች የወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ 35,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከወንዶቹ ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም ዛሬ በካናዳ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ «ሳድግ ሆኪ ተጫውቼ እኖራለሁ» ብትል ማንም አይስቅባትም። ይህን ደመወዝ ዊከንሃይዘር አልተቀበለችውም፤ ሊጉ ሲጀመር ከተሰናበተች ሰባት ዓመት ሆኖአታል። አንጄላ ጄምስ በሩን ከፈተች፤ ዊከንሃይዘር ገብታ ቤቱን ሠራች፤ ደመወዙን የተቀበሉት ከነርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

እንግዲህ በር የተዘጋበት ሰው ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ፣ ከዚህች ሴት ሕይወት ያገኘነው መልስ ይህ ነው፤ ቤቱ እስኪሠራ አትጠብቅ፤ በጓሮም ቢሆን ጀምር። ነገር ግን ይህን መልስ በሩን ለዘጋው ሰው ማመካኛ አንስጠው። የዊከንሃይዘር አባት ውሃውን በጓሮ ባያፈስስ ኖሮ፣ የወንዶቹ ልጆች አሠልጣኞች ባይቀበሉአት ኖሮ፣ የፊንላንድ ፌዴሬሽን ባይፈቅድ ኖሮ፣ ዛሬ ማታ የምንናገርላት ሰው አትኖርም ነበር። በእያንዳንዱ ጀግና ጀርባ እሺ ያሉ ጥቂት ሰዎች አሉ። ሁላችንም ጀግና መሆን አንችል ይሆናል፤ እሺ ማለት ግን ሁላችንም እንችላለን።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በሜዳችን ዳር ቆማ የምትመለከት እኅት ብታገኙ፣ «ትጫወቻለሽ ወይ?» ብላችሁ እንድትጠይቁአት እንለምናችኋለን። እምቢ ካለች የርስዋ ፈንታ ነው። ጥያቄው ግን የእኛ ዕዳ ነው።

 በፊንላንዱ ጉዳይ ላይ ሐሳብ ያላችሁ ሁሉ እጃችሁን አንሡ፤ እኛ ገና ስላልተስማማን ለሁለታችንም ወገን ረዳት ያስፈልገናል።